አባቴ እምቢ ያሉት ኢንጂነር

በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ ቀድሞ የሚጠየቀው ስም አልነበረም፤ «ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?» ነበር። ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀበሌ ሂዱ፣ ፋብሪካ ሂዱ፣ ሌላው ቀርቶ ለቅሶ ቤት ሂዱ፣ ሰው ሁሉ የደረሰበትን ክፍል ግንባሩ ላይ ለጥፎ ይዞር ነበር ብል ብዙም አላጋነንሁ። ዐሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ዐሥረኛ ላይ ያቆመውን ሲጨብጠው እንኳ እጁ ላይ አንዳች ኩራት ነበረችው። እኔ ደግሞ፣ እሱ ይመስገንና፣ ዲፕሎማ ነበረኝ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ስለነበር በሰፈራችን ሴቶች ዘንድ ዋጋዬ ተሰቅሎ ነበር። ዲፕሎማ ያላት ልጅ ወይ ዲግሪ ያለው ታገባለች፣ ወይ ቆማ ትቀራለች፤ መካከለኛ የሚባል ነገር አልነበረም።

በዚህ ሕግ መሠረት የሥራ ባልደረቦቼ ተሰብስበው የመረጡልኝ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ዲግሪ ነበረው፤ እውነቱን ለመናገር መልከ መልካምም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዓሣ ጋበዘኝ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሐይቁ አማረ፤ እኔም «አሁን አንድ ነገር ይለኛል» ብዬ ጸጉሬን ነካ ነካ አደረግሁ። እሱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ያስረዳኝ ጀመር። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ የቀለጠው ዓለት የወንዙን መውጫ ዘግቶ፣ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ። የኔ ዓሣ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወደ ኅብረተሰብ ዕድገት ተሻገረ፤ ከጋርዮሽ ተነሥቶ ባሪያ አሳዳሪውን ሥርዓት አልፎ ፊውዳሉ ላይ ሲደርስ መሸ። ሶሻሊዝም ሳንደርስ ሒሳብ ከፈለና ተነሣን። ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን እሱን ባገባ ዕድሜ ልኬን ፈተና ስቀመጥ የምኖር መስሎ ታየኝ።

የኔው ሰው በብስክሌት መጣ። ባሕር ዳር ያኔም የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ እኔም በብስክሌት ነበር ሥራ የምሄድ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዘንባባዎቹ ሥር ሰንሰለቱ ወለቀብኝ። ተማሪዎቼ ከብበውኝ «ቲቸር፣ ቲቸር» ይላሉ፤ አንዳቸውም ግን አይነኩትም፤ ግሪስ ነዋ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣ ሰው ቆመልኝ። ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን መለሰና «ላልቷል፤ ደግሞ እርስዎም ትንሽ ኃይለኛ ነዎት መሰለኝ፣ ፔዳሉን ሲረግጡት ያስፈራሉ» አለኝ። በአንድ አፍ አክብሮኝም ሰድቦኝም መሆኑ ነው። ተናደድሁ። በማግሥቱ ሆን ብዬ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ሄድሁ፤ ሰንሰለቱ ግን አልወልቅ አለ። ደግነቱ እሱ ራሱ ቆሞ ይጠብቅ ኖሯል።

በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የሽመና ማሽን የሚጠግን መካኒክ ነበር። እንደ አገሩ ወግ «ስንተኛ ክፍል?» ብዬ ጠየቅሁታ። «ስምንተኛ» አለኝ። «ሚኒስትሪን ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ ወድቄያለሁ። በመውደቅ ይሁን ከተባለ የሚበልጠኝ የለም።» ይህን ሲል አንገቱን አልደፋም፤ አልተኮፈሰም። እኔ ነኝ አንገቴን የደፋሁ፤ ሳቄን ለመደበቅ ነው።

አንድ እሑድ ጢስ ዓባይ ሄድን። እዚያ ፏፏቴው ፊት ለፊት ስትቆም ጩኸቱ አያነጋግርም። ካፊያው ልብሳችንን አርሶት፣ እሱ አንድ ነገር እያሳየኝ፣ እኔ ምንም ሳልሰማ ራሴን እየነቀነቅሁ ግማሽ ቀን ዋልን። ግማሽ ቀን ሙሉ አንድም ነገር አላስረዳኝም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲደርስ አገር ተያዘ። የቤት አያያዝ መምህርቷ «ምን ቸገራችሁ፣ ጋዜጣ ሲመጣ አንቺ ጽሑፉን እሱ ሥዕሉን ትካፈላላችሁ» አለችኝ። ሌላዋ «ዲፕሎማሽን በግሪስ ልታሺው ነው?» አለች። የደገፉኝ ርእሰ መምህሩ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ በየስብሰባው ላይ «የምሁሩና የሠራተኛው መደብ ጥምረት በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል» እያሉ እኔን በጣታቸው ያሳዩ ነበር። የራሳቸውን ልጅ ግን ለሐኪም ነው የዳሩ። እናቴም ብትሆን «የተማረ ይግደለኝ» የምትል ሴት ነበረችና ስምንተኛ ክፍል ስትሰማ ለሁለት ቀን ራሷን አሰረች። በሦስተኛው ቀን ግን ብስክሌቱን ደጃችን አስደግፎ ሲያወራት ሰምታ ስቃ፣ ሻሿን ፈታችው። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሳቁ ያማረ ነው» አለች።

የቀሩት አባቴ ናቸው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ትውልዳቸው ጣና ውስጥ ያለችው ደቅ ደሴት፣ ያደጉት በየገዳሙ ቅኔና አቋቋም ሲማሩ፣ ያኔ ደግሞ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር። ስለ አባቴ ለመናገር ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ። ታላቄ ነው። ከሁላችንም የተማረ እሱ ነበር። ለትምህርት ወደ አንዱ ሶሻሊስት አገር ሲላክ መንደሩ በሙሉ በእልልታ ሸኘው። መጀመሪያ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ አልፎ አልፎ፤ ከዚያ ዝም። አብረውት የሄዱት ተመለሱ፤ «ደኅና ነው፣ እዚያው ኑሮ መሥርቷል» አሉን። አባቴ አላለቀሱም፣ አልተራገሙም። አንድ ጊዜ ብቻ «እኔ ሃያ ዓመት ተምሬ የሄድሁት ከደቅ እስከ ባሕር ዳር ነው። እሱ ትንሽ ተምሮ ከዓይኔ ጠፋ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የአስኳላ ትምህርት ሲነሣ ከቤት ይወጡ ጀመር። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ ለዲግሪ አዲስ አበባ እንድሄድ ስሜን አስተላልፎ ነበርና እናቴ «ለአባትሽ እኔ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» እንዳለች እሷም ፈርታ፣ እኔም ፈርቼ ሳንነግራቸው ከረምን።

እንግዲህ በዚህ መካከል ሽማግሌ ተላከ። ዋናው ሽማግሌ የፋብሪካው ፎርማን ነበሩ፤ የሸዋ ሰው፣ ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ንግግር የሚያውቁ፣ በከተማው ግማሹን ትዳር እኔ ነኝ ያቆምሁት የሚሉ። ሽማግሌ ሲሄድ ትንሽ ጨመር ማድረግ በኛ አገር ያለ ነው። አንድ በሬ ያለው ጥማድ አለው ይባላል፤ ጠጪው «ጨዋታ አዋቂ ነው» ይባላል፤ ቁጡው «ቁም ነገረኛ» ይባላል። ማንም ይህን ውሸት ብሎ አይጠራውም። እንዲያውም ሳይጨምር የመጣ ሽማግሌ ልጁን ናቀው ይባላል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው እንደ ወጉ ቆሙ። ጉዳያቸው ሳይመለስ አይቀመጡም። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዬን ጥጄ ነበር።

«መሪጌታ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ ፎርማኑ።

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?» አሉ አባቴ።

«ኢንጂነር ነው!»

እኔ ራሴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ «ደግሞ ለማን ልጅ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት?» አልሁ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። አባቴ ዝም ሲሉ ፎርማኑ ያልበቃ መሰላቸው። «ማሽን የገጠመውን ችግር በዓይኑ ነው የሚያውቀው። ደግሞ በቅርቡ ፋብሪካው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሊልከው ነው። አምስት ዓመት! ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል» ብለው ደመደሙ። ሰውየው ያላቸውን ምስጋና ሁሉ ማውጣታቸው ነው። ማንም ሌላ አባት ቢሆን እዚያው ላይ ይመርቅ ነበር።

አባቴ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ያዙ። «ልጄን የምድረው አጠገቧ ለሚኖር ሰው ነው። ለተማረ አልሰጥም። በሰላም ግቡ» አሉ።

ለተማረ አልሰጥም! በዚያ ዘመን፣ በዚያች ከተማ! እናቴ እጇን አፏ ላይ እንደጫነች ቀረች። ፎርማኑ ከበር ወጥተው እንኳ ምን እንደነካቸው አልገባቸውም።

በማግሥቱ ማረፊያ ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። «እሰይ፣ አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው! ስምንተኛ ክፍል ይዞ እዚያ ቤት ድረስ!» አለች የቤት አያያዝ መምህርቷ። አባቴ እምቢ ያሉት ተማረ ተብሎ ነው ብዬ ማስረዳት አቃተኝ። ብናገርስ ማን ያምነኛል? ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ።

ማምሻውን ሐይቁ ዳር አግኝቼው የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። «ኢንጂነር» ሲባል ሳቁ አላስቆመው አለ፤ ብስክሌቱን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ።

«ቆይ፤ ታዲያ እምቢ ያሉት ማንን ነው?» አለኝ።

«አንተን ነዋ።»

«አይደለም። ያንን ኢንጂነር ነው። እኔማ ገና አልተጠየቅሁም።» ድምፁን ዝቅ አድርጎም «ፎርማኑ ግን እኔ እንዳለሁ አልበቃሁም ብለው ነው አይደል?» አለ።

አንጀቴን በላው። ያን ጊዜ ነው የቆረጥሁ። ይህን ሰው እንደ ራሱ፣ ከነስምንተኛ ክፍሉ፣ ካላስጠየቅሁ እኔ ባል አልፈልግም አልሁ። እሱ «ራሴ እሄዳለሁ» ብሎ ነበር፤ ግን ጠያቂ በራሱ እግር ሄዶ ሚስት አይጠይቅም፣ ነውር ነው። ያለው መንገድ ፎርማኑ ሄደው ቃላቸውን እንዲያነሡ ማድረግ ብቻ ነበር።

ሹም አቦ ሰፈር፣ ፎርማኑ ቤት ድረስ ሄድሁ። ነገሩን ሳስረዳቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ፣ እኔ ሰው ዳርኩ እንጂ ሰው አዋርጄ አላውቅም። አሁን ሄጄ ልጃችን አልተማረም፣ ደንቆሮ ነውና ልጅዎን ይስጡን ልበል? ይህ የየት አገር ሽምግልና ነው?» አሉኝ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።»

ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር። «እኔን ሲጠይቁኝ አንተን የባላምባራስ ልጅ ነው ብለው አልነበር?» አሉ። «እስከ ዛሬ ባላምባራሱን አላየኋቸውም። የዚህችን ልጅ ጉዳይ ሄደህ አስተካክል።» ፎርማኑ ለመጪው እሑድ እሺ አሉ።

እሑድ ሦስቱም ተመልሰው መጡ፤ ቆሙ። እኔም መጋረጃዬ ጋ ተመለስሁ። የፎርማኑ አፍ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አልለመደም፤ መጀመሪያ ላይ ተንተባተቡ። አንድ ጊዜ ከጀመሩ ግን ማቆሚያ አጡ። «መሪጌታ፣ ልጃችን አልተማረም። ትምህርት የሚባል ነገር በደጁም አላለፈም። ደብተር ሲያይ ይሸሻል፤ ፊደል ሲያይ ይደነግጣል» አሉ። አጠገባቸው የቆሙት ሽማግሌ ሳል ሳል ብለው «ኧረ ስምንተኛ ክፍል» ብለው አንሾካሾኩ። «አዎ፣ ስምንተኛ፤ እሱንም በስንት መከራ» አሉ ፎርማኑ።

አባቴ አንድ በአንድ አዩዋቸው። «ባለፈው እሑድ ኢንጂነር ነበር። በአንድ ሳምንት እንዲህ የደነቆረ ምን አግኝቶት ነው?» አሉ።



«የትኛውን ቃላችሁን ልመን? እናንተን ከምጠይቅ ልጁን ራሱን አምጡልኝ» አሉ ቀጥለው።

ይህ በኛ ወግ ያልነበረ ነው። ቢሆንም ልጁ ሩቅ አልነበረም፤ ከመንገዱ ማዶ ብስክሌቱን ይዞ ቆሞ ነበር። ጠሩት። የተውሶ ኮት ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮበታል። የአባቴን ጉልበት ስሞ ቆመ።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስምንተኛ፣ የኔታ።»

«ለምን አቆምህ?»

«ፈተናውን ወደቅሁ።»

«ከዚያስ?»

«ደግሜ ወደቅሁ።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የአባቴ ጢም ግን ነቅነቅ ሲል ከመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ።

«ወደ ውጭ አገር ይልኩታል የተባለውስ?»

«እኔን? እስከ ዛሬ የላኩኝ ሲጋራ እንድገዛ ነው፣ የኔታ» አለ። ፎርማኑ ባርኔጣቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

በቃ፣ ተሳካ ብዬ ነበር። አባቴ ግን ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረና ወደ መጋረጃው ዞሩ። «አንቺም ነይ ውጪ፤ እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ» አሉኝ። ወጣሁ። «ይህች ልጅ ዲፕሎማ አላት» አሉት። «ደግሞ ለዲግሪ አዲስ አበባ ሊልኳት ስሟ ተላልፏል። እናትና ልጅ ደብቀውኛል፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። ነገ ተነሥታ ልሂድ ብትልህ ታስቀራታለህ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ ያልተማረ አማች የፈለጉት አማቹ እንዳይሄድ ብቻ አልነበረም። እኔም እንደ ወንድሜ ሄጄ እንዳልቀር የሚይዘኝ ሰው ፈልገው ነበር። የሚሹት መልስ ደግሞ ለሁላችንም ግልጥ ነው፤ ፎርማኑ በአባቴ ጀርባ ሆነው «አዎ በል» እያሉ አገጫቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ፈራሁ። «አስቀራታለሁ» ካለ ባል አገኛለሁ፣ ዲግሪዬን አጣለሁ፤ ባይል እሱን አጣለሁ። በሁለቱም ተናደድሁ፤ በጠያቂውም በተጠያቂውም።

እሱ አየኝ፤ ከዚያ አባቴን አየ።

«አላስቀራትም፣ የኔታ» አለ።

ፎርማኑ «ወይ ጉድ» ሲሉ ተሰማ።

«ላስቀራት ብልስ በምን አቅሜ? ያውቋት የለም እንዴ? ትሂድ። እኔ ግን የትም አልሄድም፤ የሚወስደኝም የለ። እዚሁ ነኝ። እርስዎ ሲጠብቋት እኔም አብሬዎት እጠብቃታለሁ።»

 ወንድሜ ከቀረ ጀምሮ ለአባቴ ሰው ያላላቸው ነገር አልነበረም። «ይመጣል» ያላቸው አለ፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» ያላቸው አለ፤ «ይርሱት፣ ቁርጥዎን ይወቁ» ያላቸውም ነበር። አብሬዎት እጠብቃለሁ ያላቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሳይደብቁ ነው የጠረጉ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት።

ፎርማኑ «እኛስ፣ መሪጌታ?» አሉ።

«እናንተማ ኢንጂነሩ እስኪመጣ ትንሽ ቁሙ» አሉ አባቴ፤ እናቴም የሳቀች እየመሰለች አለቀሰች።

ከተጋባን በኋላ፣ በዓመቱ፣ አዲስ አበባ ገባሁ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር እመለሳለሁ፤ ባሌና አባቴም ሁልጊዜ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ወርጄ የአባቴን ጉልበት እስማለሁ፤ ግንባሬን ይስሙኛል፤ ባሌ «ዲግሪው ደረሰ?» እያለ ይቀልድብኛል። ከዚያ ግን እንሂድ የሚል የለም። አባቴ ዓይናቸውን ከአውቶቡሱ በር አይነቅሉም። ከኋላዬ ወታደር ይወርዳል፣ ነጋዴ ይወርዳል፣ ልጅ ያዘለች ሴት ትወርዳለች። አባቴ እያንዳንዱን ያያሉ። ባሌ አንድም ቀን «ማንን ነው፣ የኔታ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። የመጨረሻው ሰው ወርዶ ረዳቱ በሩን እስኪዘጋው ድረስ አጠገባቸው ቆሞ እሱም በሩን ያያል። እኔ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱን እጠብቃቸዋለሁ።